ከሞተ በኋላ የረታው ሰው

በአሜሪካ ፉትቦል ውስጥ የማይቆጠር ነገር የለም። ኳሱን ይዞ የሮጠው ስንት ያርድ እንደሸፈነ፣ የወረወረው ስንት ጊዜ እንደተሳካለት፣ የተቀበለው ስንት ነጥብ እንዳስቆጠረ በመዝገብ ይሰፍራል። ይህን መሰል መዝገብ የማይያዝላቸው አምስት ሰዎች ግን አሉ። ከኳስ ወርዋሪው ፊት ተደርድረው ከወዲያኛው ወገን የሚመጣውን ጎርፍ በትከሻቸውና በራሳቸው የሚመክቱት የመስመር ተጫዋቾች ናቸው። ሥራቸውን በወጉ ሲሠሩ የሚያያቸው የለም። ስማቸው በድምፅ ማጉያ የሚጠራው ሲያጠፉ ነው።

ዛሬ ታሪኩን የማነሳው ሰው ከእነዚህ አምስቱ የመሐለኛው ነበር። ማይክ ዌብስተር ይባላል። ከሞተ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ለስፖርቱ ወዳጆች የአራት ሻምፒዮና ባለቤትና የዘመኑ ቁንጮ የመሐል ተጫዋች ነው። ለሐኪሞች አንድ ትልቅ የምርምር ምዕራፍ የከፈተ አንጎል ባለቤት ነው። ሕግ ለተማርን ሰዎች ደግሞ ስሙ በመዝገቡ ርዕስ ላይ እንኳ ያልሰፈረ አመልካች ነው፤ ያመለከተበት ጉዳይ የመጨረሻ ፍርድ ያገኘው እሱ ካረፈ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሌላ ሰው ስም በተከፈተ መዝገብ ነውና። እኔንም ወደ ታሪኩ የሳበኝ ኳሱ ሳይሆን ይኸው መዝገብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዌብስተር የተወለደው ማርች 18 ቀን 1952 በዊስኮንሲን ግዛት ቶማሃውክ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ቤተሰቡ ድንች አምራች ገበሬ ነበር። አካባቢው ክረምቱ አጥንት ሰብሮ የሚገባበት የአሜሪካ ሰሜናዊ ጥግ ነው። ልጁ የእርሻ ሥራ እያገዘ አደገ፤ በራይንላንደር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኳሱን ተጫወተ፤ ከዚያም ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዛሬ የራይንላንደር ትምህርት ቤት ስታዲየም በስሙ ይጠራል።

በ1974 የባለሙያዎቹ ሊግ፣ ማለትም ኤን.ኤፍ.ኤል.፣ ዓመታዊ የተጫዋቾች ምርጫውን ሲያካሂድ ዌብስተር በአምስተኛው ዙር 125ኛ ሆኖ ተጠራ። የጠራው ፒትስበርግ ስቲለርስ ነበር። እስከ 125ኛ ድረስ የዘገየበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ለቦታው ትንሽ ነው ተብሎ ስለታመነ ነው። የዚያ ዓመት የስቲለርስ ምርጫ ግን በስፖርቱ ታሪክ አቻ የለውም እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገርለታል። ሊን ስዋን፣ ጃክ ላምበርት፣ ጆን ስታልዎርዝና ዌብስተር በአንድ ዓመት ተመርጠው አራቱም ውለው አድረው የሊጉ የክብር አዳራሽ አባል ሆነዋል።

ዌብስተር በሚያጥርበት ነገር ላይ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ክብደት ማንሳቱን የሙጥኝ ብሎ ያዘው። ሰውነቱ ዳበረ፤ ክብደቱ ወደ 115 ኪሎ ተጠጋ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከአንጋፋው ሬይ ማንስፊልድ ሥር በተተኪነት አሳለፈ። በ1976 ቦታው ሙሉ በሙሉ የእሱ ሆነ።

የቦታውን ምንነት ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። የመሐል ተጫዋቹ፣ በእነሱ አጠራር ሴንተሩ፣ ጎንበስ ብሎ ኳሱን መሬት ላይ ይይዛል። ምልክቱ ሲሰጥ ኳሱን በሁለት እግሮቹ መካከል አሳልፎ ከኋላው ለቆመው ኳርተርባክ ያቀብላል። እጁ ኳሱን ገና ሳይለቅ ከፊቱ ያለው ግዙፍ ተከላካይ ይደርስበታል። ስለዚህ በእያንዳንዱ የጨዋታ ቅንጣት፣ ኳሱ ወደ ቀኝም ይሂድ ወደ ግራ፣ ሴንተሩ ራሱን አቀርቅሮ ይጋጫል። ይህ በአንድ ጨዋታ ብቻ በደርዘን የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ልምምዱ ሲጨመርበት ቁጥሩ ከግምት በላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የደንብ ጉዳይ አለ። እስከ 1977 ድረስ የአጥቂው ወገን የመስመር ተጫዋች እጁን ዘርግቶ በመዳፉ መመከት አይፈቀድለትም ነበር። ክርኑን አጥፎ በክንዱ፣ በትከሻውና በራስ ቁሩ ነበር የሚታገለው። በ1978 ደንቡ ተሻሽሎ እጅ መዘርጋት ተፈቀደ። ዌብስተር ሙያውን የተማረውና የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት የተጫወተው በአሮጌው ደንብ ነው። ለእሱ ትውልድ ራስ የሥራ መሣሪያ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዘመኑ የስቲለርስ ዘመን ነበር። አሠልጣኙ ቸክ ኖል፣ ኳርተርባኩ ቴሪ ብራድሾ፣ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ፍራንኮ ሃሪስ ነበሩ። ቡድኑ በስድስት የውድድር ዓመታት ውስጥ አራት ጊዜ ሱፐር ቦውልን አሸነፈ። ዌብስተር አራቱንም ዋንጫ አንስቷል። ፒትስበርግ የብረት አቅላጮች ከተማ ናት። ፋብሪካዎቿ መዘጋት ሲጀምሩና ሠራተኛው ሲበተን የሕዝቡ መጽናኛ ይህ ቡድን ሆነ። በበረዶ ውስጥ ክንዱን ሳይሸፍን፣ እጅጌውን ጠቅልሎ ሜዳ የሚገባው ዌብስተር ደግሞ የወዛደሩ ምስል ተደርጎ ተወሰደ። ብረቱ ማይክ የሚል ቅጽል ስምም ወጣለት።

ቅጽሉ ያለ ምክንያት አልወጣም። እስከ 1986 ድረስ 150 ጨዋታዎችን ሳያቋርጥ በቋሚነት ጀምሯል። ያቆመው ክርኑ ወልቆ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ለሊጉ ምርጦች ጨዋታ ተጠርቷል። ለስቲለርስ በ15 ዓመት 220 ጨዋታ ተጫውቷል። በ1989 ወደ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ የሄደው ለአሠልጣኝነት ነበር፤ ግን ጫማውን እንደገና አጥልቆ ሁለት ዓመት ጨመረ። በ1991 ሲሰናበት 17 የውድድር ዓመትና 245 ጨዋታ ከኋላው ነበር። ዕድሜው 39 ሊሞላ ቀናት ቀርተውት ነበር።

ይህ የሰማነውና የምንወደው ዓይነት ታሪክ ነው። የድሃ ገበሬ ልጅ በላቡ ጫፍ ደረሰ፤ ሳይታክት ሠራ፤ በክብር ተሰናበተ። ችግሩ ታሪኩ እዚህ ላይ አለመቆሙ ነው።

ከጡረታ በኋላ ያለው ዌብስተር ሌላ ሰው ነበር። ሥራ መያዝ አልቻለም። ገንዘቡን ባልተጠና ንግድ ላይ አፈሰሰው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ። ሐሳቡን መሰብሰብ አቃተው። ጀርባውና እጆቹ፣ ከሁሉ በላይ ራሱ፣ ዕረፍት ነሱት። ትዳሩ ፈረሰ። አራት ልጆች ያሉት፣ አራት የሻምፒዮና ቀለበት ያለው ሰው በፒክአፕ መኪናው ውስጥና በባቡር ጣቢያ ማደር ጀመረ። የወለቁ ጥርሶቹን በሙጫ መልሶ ይለጥፍ ነበር። እንቅልፍ ሲነሳው የኤሌክትሪክ ማደንዘዣ መሣሪያ በገዛ አካሉ ላይ እየተጠቀመ ራሱን ያስተኛ ነበር። ቀን ከሌሊት ደብዳቤና ማስታወሻ ይጽፋል፤ ከጊዜ በኋላ ግን የሚጽፈውን እሱም ሌላውም የማይረዳው ሆነ።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ እያለ በ1997 የክብር አዳራሹ ጠራው። ኦሃዮ ግዛት ካንተን ከተማ በተደረገው ሥነ ሥርዓት ለሕዝብ ያስተዋወቀው የቀድሞ ኳርተርባኩ ብራድሾ ነበር። የዌብስተር ንግግር ከተመደበለት ሰዓት አልፎ ረዘመ፤ ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው እየዘለለ ተቅበዘበዘ። ያን ቀን ያጨበጨበለት ሕዝብ ያየው የደከመውን ጀግና ነው። በሽታውን ያየ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ ሪታሊን የተባለ መድኃኒት ለማግኘት የሐኪም ማዘዣ አስመስሎ በመሥራት ተከሶ ክሱን ባለመቃወሙ የአምስት ዓመት የፈተና ጊዜ ተወሰነበት። መድኃኒቱን የፈለገው ሐሳቡን ለመሰብሰብ ነበር።

እንግዲህ የሕጉ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ነው። በ1997 ዌብስተር ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ዊሊንግ ከተማ የሚሠራ ቦብ ፊትዝሲመንስ የተባለ ጠበቃ ዘንድ ሄደ። ጠበቃው ሰውዬውን ለተለያዩ ሐኪሞች አሳየው። የሁሉም ድምዳሜ አንድ ነበር፤ በተደጋጋሚ የራስ ግጭት ምክንያት የደረሰ የአንጎል ጉዳት አለበት አሉ። በዚሁ መሠረት በ1999 ለተጫዋቾች የጡረታ ፈንድ የአካል ጉዳት ክፍያ ማመልከቻ ቀረበ።

ፈንዱን የሚያስተዳድረው ስድስት ድምፅ ያለው ቦርድ ነው። ሦስቱ በቡድን ባለቤቶች፣ ሦስቱ በተጫዋቾች ማኅበር የሚሾሙ ናቸው። ደንቡ በዚያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ መሥራት ለማይችል ሰው የተለያየ የክፍያ ደረጃ አስቀምጦ ነበር። ከፍተኛው ጉዳቱ በተጫዋችነት ዘመኑ ደርሶ ወዲያው ከሥራ ውጭ ላደረገው ሰው የሚሰጥ ነበር። ከዚያ ዝቅ ያለው ደግሞ ጉዳቱ ከኳሱ የመጣ ቢሆንም ከሥራ ውጭ ያደረገው ከዓመታት በኋላ ለሆነ ሰው ነበር። ስለዚህ የጉዳዩ ሁሉ ማጠንጠኛ አንዲት ቀን ሆነች። ዌብስተር ሙሉ በሙሉ መሥራት ያልቻለው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ቦርዱ የራሱን የነርቭ ሐኪም መደበ። ያ ሐኪም ዌብስተርን መርምሮ ጉዳቱ ሙሉና ዘላቂ እንደሆነ፣ ይህም ኳስ ካቆመበት ከ1991 ጀምሮ እንደሆነ አስረዳ። ቦርዱ የገዛ ሐኪሙን ቃል ግማሹን ብቻ ተቀበለ። መሥራት አይችልም፣ እውነት ነው አለ። ግን ከ1996 ጀምሮ ነው ብሎ ዝቅ ያለውን ክፍያ ወሰነለት። በሁለቱ ዓመታት መካከል ያለው ልዩነት በገንዘብ ሲመነዘር ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ጠበቃው ይግባኝ አለ።

በዚህ ክርክር ውስጥ ከገንዘቡ የበለጠ ክብደት ያለው አንድ ወረቀት ተጻፈ። በሜይ 2000 ከፈንዱ ለጠበቃው የተላከው ደብዳቤ የዌብስተር ጉዳት በተጫዋችነት ዘመኑ ከደረሰበት የራስ ምት የመጣ መሆኑን ቦርዱ እንደተቀበለ ያረጋግጣል። ይህን ልብ በሉልኝ። ሊጉ በ1994 ራሱ ያቋቋመው የራስ ጉዳት ኮሚቴ ከ2003 ጀምሮ ባወጣቸው ተከታታይ ጽሑፎች በባለሙያ ተጫዋቾች ላይ ዘላቂ የአንጎል ጉዳት አይታይም እያለ ሲሟገት፣ የሊጉ ሰዎች የተቀመጡበት የጡረታ ቦርድ ግን አስቀድሞ ተቃራኒውን በጽሑፍ አምኗል። ቀኝ እጅ የፈረመውን ግራ እጅ ካደው ማለት ነው። ደብዳቤው በሕዝብ ዘንድ በሰፊው የታወቀው ከተጻፈ ከ12 ዓመት በኋላ ነው።

ዌብስተር ይግባኙን ሲጠብቅ ሴፕቴምበር 24 ቀን 2002 በፒትስበርግ ሆስፒታል አረፈ። ልቡ ነበር የከዳው። ዕድሜው 50 ነበር።

አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ከተማዋ የአስከሬን ምርመራ ቢሮ ተወሰደ። የዕለቱ ተረኛ ቤኔት ኦማሉ የሚባል ወጣት ሐኪም ነበር። ኦማሉ በ1968 በቢያፍራ ጦርነት መሐል የተወለደ ናይጄሪያዊ ነው። ሕክምናን በአገሩ ተምሮ በ1994 ወደ አሜሪካ የሄደ ሰው ነው። ስለ አሜሪካ ፉትቦል የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ዌብስተር የሚባል ስምም አያውቅም። ያን ቀን ጠዋት ግን በቴሌቪዥን ስለሟቹ ሲወራ፣ የኑሮው መውደቅ እንደ አሳፋሪ ነገር ሲነገር ሰምቶ ነበር። የኳስ ፍቅር ስላልነበረው ጀግናውን አላየም፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም የነበረበትን የ50 ዓመት ሰው አየ።

አንጎሉ ተከፍቶ ሲታይ ደህና ይመስል ነበር። ጉዳዩ እዚያ ላይ ሊዘጋ ይችል ነበር፤ ለልብ ሕመም የሞተ ሰው አንጎል ተጨማሪ ምርመራ አያስፈልገውምና። ኦማሉ ግን ከአለቃው ከሲረል ዌክት ፈቃድ ጠይቆ አንጎሉን አስቀረ። ለናሙናው ዝግጅት ወጪውን ከኪሱ ከፈለ። በማጉያ መነፅር ሲያየው በ50 ዓመት ሰው አንጎል ውስጥ ሊኖር የማይገባ ታው የተባለ ፕሮቲን ክምችት አገኘ። የቦክሰኞች አንጎል በተደጋጋሚ ምት እንደሚጎዳ ሕክምና ከ1928 ጀምሮ ያውቃል። በፉትቦል ተጫዋች ላይ በዚህ ዓይነት ተመርምሮ ለኅትመት የበቃ ግን አልነበረም። ኦማሉና ባልደረቦቹ ግኝታቸውን በጁላይ 2005 ኒውሮሰርጀሪ በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። በሽታው ዛሬ ሲ.ቲ.ኢ. በሚለው ምኅጻር ይታወቃል።

የሊጉ ኮሚቴ መልስ ፈጣን ነበር። ሦስት የኮሚቴው ሐኪሞች ለመጽሔቱ ጽፈው ጽሑፉ እንዲሰረዝ ጠየቁ። መጽሔቱ አልሰረዘም። ኦማሉ ሁለተኛውን ጉዳይ ይዞ መጣ። ቴሪ ሎንግ ይባላል፤ እሱም የስቲለርስ የመስመር ተጫዋች የነበረና በ2005 በ45 ዓመቱ ራሱን ያጠፋ ሰው ነው። ሁለቱም አንድ ቡድን፣ አንድ መስመር ላይ የተጫወቱ መሆናቸው ለእኔ በአጋጣሚነት ብቻ የሚታለፍ አይመስለኝም። ኳስ ይዞ የሚሮጠው ሲወድቅ አገር ያየዋል። የመስመር ተጫዋቹ ግን በየቅንጣቱ የሚቀበለው ትናንሽ ምት ስም የለውም፤ ሕመምም ወዲያው አይሰጥም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ የሚባለው ይኸው ነው።

ወደ ፍርድ ቤቱ ልመለስ። ከሞቱ በኋላ ጉዳዩን የቀጠለው ሰኒ ጃኒ የተባለ ወዳጁ ነበር። ጃኒ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዌብስተርን ሲደግፍ የኖረና ከሞቱም በኋላ የውርስ አጣሪው ሆኖ የተሾመ ሰው ነው። መዝገቡ በእሱ ስም የተከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። በ2003 ቦርዱ ይግባኙን ውድቅ አደረገው። ጃኒ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ።

የሕግ ባለሙያ ያልሆነ አንባቢ የዚህን ክስ ክብደት እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ። በአሜሪካ እንዲህ ያሉ ፈንዶች የሚመሩበት ሕግ የወጣው በ1974 ነው፤ ዌብስተር ለስቲለርስ በተመረጠበት በዚያው ዓመት። የሕጉ ዓላማ ሠራተኛው የተገባለት ጡረታ እንዳይነፈገው መጠበቅ ነበር። የፈንዱ ደንብ ለአስተዳዳሪው ቦርድ የመወሰን ነፃነት ከሰጠ ግን ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን እንደ አዲስ አያይም። ዳኛው እኔ ብሆን ምን እወስን ነበር ብሎ ሊጠይቅ አይችልም። የሚጠይቀው ቦርዱ ሥልጣኑን አላግባብ ተጠቅሟል ወይ ብሎ ብቻ ነው። በዚህ መመዘኛ ቦርድን ማሸነፍ በጣም ከባድ ነው። አብዛኛው አመልካች እዚህ ላይ ይወድቃል።

የሜሪላንድ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2005 ለጃኒ ፈረደ። ፈንዱ ይግባኝ አለ። በዲሴምበር 2006 የአራተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሦስት ዳኞች ያለ ልዩነት ውሳኔውን አጸኑ። ምክንያታቸው ለሕግ ተማሪ ሁሉ ቢነገር ይጠቅማል። ቦርዱ በአንድ ድምፅ የተስማማውን የሐኪሞች ማስረጃ፣ የገዛ ባለሙያውንም ጨምሮ፣ ችላ ብሏል። ራሱ የመደበው መርማሪ የደረሰበትን ድምዳሜ ወደ ጎን አድርጓል። በፈንዱ ደንብ ሊታዩ የማይገባቸውን ነገሮች ለውሳኔው መሠረት አድርጓል። በሌላ አነጋገር የመወሰን ነፃነት ማለት ማስረጃን አለማየት ማለት አይደለም። ለእኔ የዚህ ፍርድ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሰፊ ሥልጣን የተሰጠው አካል ሁሉ፣ በየትም አገር፣ በየትኛውም ቢሮ ይሁን፣ የሚፈተንበት መስፈርት ይኼው ነው። ፊቱ የተቀመጠውን ወረቀት አንብቧል ወይስ አላነበበም?

ገንዘቡ ለልጆቹ ደረሰ። አባትየው ግን በባቡር ጣቢያ ሲያድር በእጁ ቢገባ ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር ብሎ የማይጠይቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ሐኪም ቤት ሊተኛ፣ የሚጠለልበት ቤት ሊኖረው፣ የሚንከባከበው ሰው ሊያገኝ ይችል ነበር። በሽታውን የሚያድነው አልነበረም፤ ውርደቱን ግን ሊያስቀርለት ይችል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሆኗል። ሊጉ የራስ ምት ዘላቂ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል በቃል አቀባዩ በኩል ያመነው በ2009 መጨረሻ ነው። ከ2011 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ጡረተኞች ክስ መሠረቱ። በ2013 በ765 ሚሊዮን ዶላር ለመስማማት ተሞከረ፤ ዳኛዋ አኒታ ብሮዲ ገንዘቡ ላይበቃ ይችላል ብለው ስለሠጉ ጣሪያው ተነሳ። ስምምነቱ በ2015 ጸድቆ በ2017 መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ። የተከፈለውም ውሎ አድሮ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር አልፏል። በ2015 ኮንከሽን የተባለው ፊልም ወጥቶ ዊል ስሚዝ ኦማሉን፣ ዴቪድ ሞርስ ዌብስተርን ሆነው ተጫወቱ። በ2017 የቦስተን ተመራማሪዎች ከመረመሯቸው 111 የሊጉ ተጫዋቾች አንጎሎች በ110ሩ በሽታውን አገኙ። እርግጥ እነዚህ ቤተሰብ ተጠራጥሮ የለገሳቸው አንጎሎች ስለሆኑ ቁጥሩን በተጫዋች ሁሉ ላይ መለጠፍ አይገባም። ቢሆንም ችላ የሚባል ቁጥር አይደለም።

በዚህ ስምምነት ውስጥ ሁለት ነገሮች ያስገርሙኛል። አንደኛው ከ2006 በፊት ለሞቱ ተጫዋቾች ቤተሰቦች የተቀመጠው ሁኔታ ነው። የሞቱ ክስ በይርጋ ያልታገደ መሆኑን ፍርድ ቤት ካላረጋገጠላቸው በስተቀር ካሳ አያገኙም። ልብ በሉ፤ ዌብስተር የሞተው በ2002 ነው። ሐኪሞች በሽታውን ያወቁት በእሱ አንጎል ነው። ጥያቄው ሁሉ የተነሳው በእሱ አስከሬን ነው። የካሳው በር ግን በስተኋላው ለመጡት ሲከፈት ለእሱ ቤት ይርጋ የሚባል ዘበኛ ቆሞበታል። ይርጋ አስፈላጊ ሕግ ነው፤ ክስ ለዘለዓለም ሊንጠለጠል አይገባም። ሆኖም በሽታው ስም ሳይኖረው የሞተ ሰው ቤተሰብ በምን ስም ሊከስ ይችል ነበር?

ሁለተኛው በ2021 የታወቀውና እንዲቀር የተወሰነው አሠራር ነው። የካሳ ጠያቂዎችን የማሰብ ችሎታ ለመመዘን ጥቁር ተጫዋቾች ከመጀመሪያውም ዝቅ ያለ ችሎታ እንዳላቸው የሚወስድ ስሌት ጥቅም ላይ ይውል ነበር። በዚህ ስሌት አንድ ጥቁር ተጫዋች ጉዳት እንደደረሰበት ለማሳየት ከነጩ ባልደረባው የበለጠ መጎዳት ነበረበት። በሽታውን በፉትቦል ተጫዋች ውስጥ አይቶ ለዓለም ያሳየው ሐኪም አፍሪካዊ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ዓይነት ምፀት እንደሆነ መግለጽ አያስፈልገኝም።

በሌላው ወገን የሚነሳውን ክርክርም አውቃለሁ፤ ከንቱ ነው ብዬም አላጣጥለውም። ዌብስተር ተገዶ አልተጫወተም። ኳሱን ይወድ ነበር። ሥራው አደገኛ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ክፍያም ይቀበል ነበር። ወዶና ፈቅዶ አደጋ ውስጥ የገባ ሰው ሌላውን ሊከስ አይችልም የሚለው መርሕ በብዙ አገር ሕግ ውስጥ ቦታ አለው። እኔም መርሑን እቀበላለሁ። ፈቃድ ግን በዕውቀት ላይ ሲመሠረት ነው ፈቃድ የሚሆነው። ዌብስተር ጉልበቱ እንደሚያረጅ፣ ጣቶቹ እንደሚጣመሙ፣ ጀርባው እንደሚጎብጥ አውቆ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የልጆቹ አባት መሆኑ እንደሚወሰድበት ግን የነገረው አልነበረም። ሊነግረው የሚገባውም አካል ውሎ አድሮ ማስረጃው ሲመጣለት እንዲሰረዝ ነው የጠየቀው።

ደግሞም ዌብስተር የጠየቀው ትንሽ ነገር ነበር። ሊጉን ወንጀለኛ በሉልኝ አላለም። የጨዋታው ደንብ ይለወጥ አላለም። ራሱ አባል በሆነበት ፈንድ፣ በራሱ በፈንዱ ደንብ መሠረት፣ በቦርዱ ሐኪም በተመሰከረለት ቀን ላይ ተመሥርቶ እንዲከፈለው ነው ያመለከተው። የተነፈገው ይህች ናት። እኔ በሙያ ዘመኔ ካየኋቸው በደሎች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። ሕጉ አለ፤ ማስረጃው አለ፤ ገንዘቡም አለ። የጠፋው ወረቀቱን አንብቦ በልቡናው የሚፈርም ሰው ነው። አመልካቹ ደግሞ በሽተኛ ከሆነ መመላለሱ ራሱ ይገድለዋል።

ስቲለርስ የዌብስተርን 52 ቁጥር መለያ ከእሱ በኋላ ለማንም አልሰጠም። የክብር አዳራሹ ውስጥ ሐውልቱ ቆሟል። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ለሠራ ሰው ክብር የሚሰጠው ክፍያው ሲገባው በሰዓቱ ሲከፈለው፣ ታመምኩ ሲል ሲደመጥ ነው። ስታዲየም ሙሉ ሰው ለ17 ዓመት ሲያጨበጭብለት የኖረ ሰው፣ ስድስት ሰዎች የተቀመጡበት አንድ ክፍል ውስጥ የሚያምነው አጣ።

ቸር ይግጠመን!